ወተት በጉንጬ እና ቁጥር 11167

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ መርሳን ያለፈ መንገደኛ ወልድያ ከመድረሱ በፊት ሲሪንቃን ያገኛል። ብዙው ሰው አይቆምባትም። የግብርና ሰው ግን የሲሪንቃን ግብርና ምርምር ማዕከል ስም ሳያነሳ አያልፍም። እኔም ባለፈው ጥቅምት ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ወልድያ ስሄድ እዚያው አካባቢ መኪና አስቆምኩ። የቆምኩት ግን ማዕከሉ በር ላይ ሳይሆን ከአስፋልቱ ዳር ባለ አንድ የማሽላ ማሳ አጠገብ ነው።

ማሽላው እሸት ደርሷል። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ሰላምታ ተለዋወጥንና «አባባ፣ ዘንድሮ ምን ዘሩ?» አልኳቸው። «ማሽላ ነዋ! አይታይዎትም?» አሉኝ። ትንሽ ካወራን በኋላ ግን ከማማው ወርደው ማሳቸውን ያስጎበኙኝ ጀመር። ለእኔ ከሩቅ አንድ ዓይነት የመሰለኝ ማሽላ ለእሳቸው ብዙ ዓይነት ነው። ይሄ ለእንጀራ፣ ያ ለጠላ፣ ያ ረጅሙ አገዳው ለከብትና ለማገዶ፣ ዳር ዳሩን ያለው ደግሞ «ለልጆች እሸት»። ሁሉንም በየስሙ ጠሩልኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰብል ስቆጥር የኖርኩ ሰው ግማሹን አላወቅኩትም።

እንደ ቀልድ አድርጌ «ይሄን ሁሉ ስም የት ጽፈው ይይዙታል?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ከተጻፈማ ማን ያስታውሰዋል?» አሉ።

እኛ ዓለማያ የተማርነው ተቃራኒውን ነው፤ ያልተጻፈ ይጠፋል ተብለን ነው የወጣነው። እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህንኑ ስሰብክ ኖሬአለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በወሎ ማሽላ ላይ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የደረሰውን መለስ ብዬ ሳየው ሽማግሌውም እኛም ግማሽ ግማሹን ብቻ ይዘን እንደቆየን ገባኝ። ዕውቀት የሚሞተው ባለመጻፉ ብቻ አይደለም፤ ተጽፎም ይሞታል። በሰው ጭንቅላት ውስጥ እያለም ይሞታል። የሚሞተው ጠያቂ ሲያጣ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን ያመጣሁት የእኛው ግቢ ልጆች በታሪኩ ውስጥ ስላሉበት ነው፤ በደጉም በክፉውም። ፒተር ድረከር የተባለው የአስተዳደር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 «የዕውቀት ሠራተኛ» የሚል ስያሜ ለዓለም ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የዚህ ሠራተኛ ዋና መሣሪያ ጭንቅላቱ ነው፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ መሣሪያውን ይዞት ይሄዳል። ተመራማሪውም፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም፣ የመስክ ረዳቱም፣ በማማ ላይ ያሉት ሽማግሌም የዕውቀት ሠራተኞች ናቸው። ልዩነቱ ለማን ደመወዝ እንደሚከፈልና ማን እንደሚጠየቅ ነው።

ቁጥርና ስም

የቀድሞ ተማሪዎች በደንብ የምታስታውሱት ታሪክ ነው፤ ለወጣቶቹ መምህራን ግን ልድገመው። አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ራመሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበውን የማሽላ ክምችት ይመረምሩ ነበር። የሚፈልጉት ላይሲን የበዛበት ማሽላ ነው። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የምናገኘው የፕሮቲን ክፍል ነው። ማሽላ ደግሞ በዚህ በኩል ድሃ እህል ነው፤ ጡት የጣለ ሕፃን ማሽላ ብቻ እየበላ በደንብ የማያድገው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከ9,000 በላይ የሚሆኑ ዓይነቶችን ካጣሩ በኋላ ሁለቱ ብቻ ጎልተው ወጡ። በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ አንዱ ቁጥር 11167፣ ሌላው ቁጥር 11758 ይባላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ።

ሁለቱም የመጡት ከወሎ ነበር።

ቁጥሩ የሚጠቅመው ነገር አለ። ቁጥር ባይኖር ኖሮ ኢንዲያና ያለ ሰው 9,000 ዘር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ባልቻለ ነበር። ነገር ግን 11167 የሚለው ቁጥር ስለ ዘሩ አንዳች የሚነግረን ነገር የለም። ማን ዘራው? መቼ ይበላል? እንዴት ይቀመጣል? ይህን ለማወቅ ወደ ወሎ ተመልሶ ሰው መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። የዓለማያው የማሽላ ሊቅ ብርሃነ ገብረ ኪዳንና ባልደረቦቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያገኙት መልስ ከዘሩ ስም ይጀምራል። ገበሬው እነዚህን ማሽላዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» ይላቸዋል።

እስቲ ስሙን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቤተ ሙከራው ዓመታት ፈጅቶ የደረሰበትን ነገር የወሎ ገበሬ በሁለት ቃል ጨርሶታል። ስለ ላይሲን የሰማው ነገር የለም። ነገር ግን ይህ ማሽላ ከሌላው እንደሚለይ፣ እሸቱ በአፍ ውስጥ እንደ ወተት እንደሚሆን ያውቃል። አያያዙንም ያውቃል። የእነዚህ ማሽላዎች ፍሬ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ለስላሳ ስለሆነ ነቀዝ ይደፍረዋል፤ ምርቱም ከሌላው ያንሳል። ስለዚህ ገበሬው ማሳውን በሙሉ አልሰጠውም። ከሌላው ማሽላ መሀል ትንሽ ትንሽ እየጣለ በእሸትነቱ ጠብሶ ይበላዋል።

በቤተ ሙከራና በመስክ የተሠራው ሥራ ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ የታገለው ከዚሁ ችግር ጋር ነበር፤ የላይሲኑን ብዛት ከጠንካራ ፍሬና ከጥሩ ምርት ጋር ማጋባት። ቀላል አልሆነም። እኔ ሳስበው ገበሬው ችግሩን አልፈታውም፤ ከችግሩ ጋር መኖሪያ ዘዴ ነበር ያበጀለት። ዘዴውም በዘሩ ውስጥ ሳይሆን በአዘራሩ፣ በአበላሉና በስሙ ውስጥ ነበር የተቀመጠው። ዘሩን ብቻ ወስዶ ቁጥር የሰጠ ሰው ግማሹን ዕውቀት ማሳው ላይ ጥሎት ሄዷል ማለት ነው። ብርሃነና ባልደረቦቹ ተመልሰው ባይጠይቁ ኖሮ ያ ግማሽ ዛሬ በጽሑፍ ባልተገኘ ነበር።

ታውቆ ያልተሰማ

ያ እ.ኤ.አ. 1973 ለእኛ 1965/66 ዓ.ም. ነው። ወሎ በረሃብ ያለቀበት ዘመን። የዓለም የማሽላ ሊቃውንት ስለ ወሎ ማሽላ ሲደነቁ ማሽላውን ያቆየው ሕዝብ በመንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። ይህን የምለው ላይሲን ረሃቡን ያስቀረው ነበር ለማለት አይደለም፤ ዝናብ ለሌለው ማሳ የትኛውም ዘር አይደርስለትም። የምለው ስለ ሌላ ዓይነት ዕውቀት ነው።

ረሃቡ እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር። በ1965 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ጥናት ከባድ እጥረት እንዳለ አሳይቷል። ያንን ጥናት የሠሩት ባለሙያዎች ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ቆጥረዋል፣ ጽፈዋል፣ አስገብተዋል። ከዚያ በላይ ግን ወረቀቱ ታፍኖ ቀረ። በሚያዝያ 1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ተማሪው ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ታፈነ። ነገሩ አደባባይ የወጣው በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምናነሳው ስለ ሥርዓቱ ውድቀት ስናወራ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ስለ መሥሪያ ቤት ስናወራም የሚያስተምረን ስላለው ነው። ጥናቱ ተጽፏል። ፋይሉም ነበር። የጠፋው ከላይ ሆኖ «ወሎ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም መስማት የሚፈልግ ሰው ነው። ደስ የማይል መልስ የማይጠየቅበት ቤት ውስጥ ዕውቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ አይሻገርም። ባለሙያው መጀመሪያ መጮህ፣ ቀጥሎ ዝም ማለት፣ በመጨረሻ አለማየት ይለምዳል። ይህን ልማድ ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናትም አይተነዋል።

አንድ ቤት ሦስት ሲሆን

የኛ ኮሌጅ ሲመሠረት ሐሳቡ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት ስምምነት፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት የተጠነሰሰው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሦስት ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር የያዘው፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ የምርምሩን ፍሬ ለገበሬው ማድረስ። አስተማሪው ተመራማሪ ነው፤ ተመራማሪው ከገበሬ ጋር ይገናኛል፤ ገበሬው የነገረው በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ይነገራል።

ይህ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1963 የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመና አገር አቀፍ ምርምሩን ተረከበ። ለእያንዳንዱ ውሳኔ በቂ ምክንያት ነበረው፤ አንድ ኮሌጅ ብቻውን አገር ሊያዳርስ አይችልም። ነገር ግን አንዱ ቤት ሦስት ሲሆን በቤቶቹ መካከል የሚሄደው ዕውቀት ደብዳቤ፣ ማኅተምና ፕሮቶኮል የሚጠይቅ ሆነ።

ታዲያ እንዴት ሠራ? እንዴትም ሆኖ የሠራው በእኛ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በሦስቱም ቤት የተቀመጥነው የአንድ ግቢ፣ የአንድ ዶርም፣ የአንድ ካፌ ልጆች ነበርን። ምርምር ያለው ሚኒስቴር ላለው ጓደኛው ስልክ ይደውላል፤ «አንተ፣ ያ ዘር እኮ ቆላ ላይ አልሆነም» ይለዋል። በደብዳቤ ወራት የሚፈጀው በአንድ ስልክ ያልቃል። ያገሪቱ የግብርና ዕውቀት አስተዳደር፣ ማንም በዚህ ስም ባይጠራውም፣ ለብዙ ዓመታት የቀድሞ ተማሪዎች ወዳጅነት ነበር።

ከዚህ ወዳጅነት ሁሉ ትልቁን ፍሬ ያፈራው የመምህርና የተማሪ ግንኙነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ የተመረቀውን ገቢሳ ኤጄታን ከፐርዱው ጆን አክስቴል ጋር ያስተዋወቀው የኮሌጅ መምህሩ ነው። አክስቴል በኢትዮጵያ ማሽላ ሲያሰባስብ ወጣቱን አብሮት እንዲሠራ ጋበዘው፤ ሥራውን ወደደለትና ለድኅረ ምረቃ ወደ ፐርዱ ወሰደው። ገቢሳ በኋላ በአቀንጭራ ላይ የሠራውን ሁላችንም እናውቃለን። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ አረም ነው። ከመሬት በላይ ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ከመሬት በታች ማሽላውን ይመጠዋል። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ለአቀንጭራው ዘር «ተነስ፣ ምግብ ደርሷል» እንደማለት ነው። ገቢሳና የፐርዱ ባልደረባው ላሪ በትለር ይህን ምልክት ተከታትለው ምልክቱን አሳንሶ የሚያወጣ ማሽላ ለማዳቀል መንገድ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ለገቢሳ ተሰጠ። አንድ መምህር አንድ ተማሪ ለአንድ እንግዳ ባያስተዋውቅ ኖሮ ይህ ሰንሰለት የት ላይ ይበጠስ እንደነበር አስቡት።

ሲሪንቃ፦ አብሽርና አገዳው

የሲሪንቃ ማዕከል ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ባሉት ዓመታት ተቋቁሞ፣ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሲመሠረት በሥሩ ሆነ። ለምሥራቅ አማራ ደረቅ ቆላና ወይና ደጋ የሚሆን ዘር ፍለጋ ዋና ሥራው ነው። ያወጣቸውን ዝርያዎች ስም ብታዩ አገሩን ካርታ ላይ ያነበባችሁ ይመስላችኋል። ማሽላው የጁ፣ ራያ፣ ጊራና-1፤ ጤፉ ዞብል። አቀንጭራ የሚቋቋመው ማሽላ ደግሞ ብርሃን ተባለ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ከፐርዱ መስመር የመጡ ሁለት አቀንጭራ የሚቋቋሙ ማሽላዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ሲለቀቁ ጎብዬና አብሽር ተብለው ነበር። ጎብዬ የራያ ቆቦ ከተማ ናት። አብሽር ደግሞ ለወሎ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፤ ያዘነን፣ የተቸገረን ሰው «አይዞህ» የምንልበት ቃል ነው። ማሳውን አቀንጭራ ለበላበት ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ስሙ ቢያምርም ጥያቄው ግን ሁልጊዜ አልተሟላም ነበር። አብዛኞቹ የተሻሻሉ ማሽላዎች አጭርና ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። ለተመራማሪው ሁለቱም በጎ ጠባይ ነው፤ ዝናቡ ሳይቆም ይደርሳል፣ አገዳው ላይ የሚባክን ኃይል የለም። ለሰሜን ወሎ ገበሬ ግን አገዳ ብክነት አይደለም። አገዳ በበጋ የከብት መኖ ነው፤ ማገዶ ነው፤ አጥርና ቤት ነው። ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ደግሞ ሌላው ሳይደርስ ብቻውን ስለሚያሽት የአካባቢው ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። በማማ ላይ የሚውል ልጅ የሌለው ቤት እንዴት ይቻለው?

ስለዚህ ገበሬው የራሱን ሂሳብ ሠራ። የበልጉ ዝናብ ደህና ከሆነ በሚያዝያና በግንቦት ረጅሙን፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ያገሩን ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ካታለለው ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ ቶሎ የሚደርሰውን ያስገባል፤ ወይም ወደ ጤፍና ሽምብራ ይዞራል። ለእሱ የተሻሻለው ዘር ያገሩን ዘር የሚተካ ሳይሆን ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው። ይህ ለምርምሩ ሽንፈት አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን «ገበሬው ዘሩን አልተቀበለም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን አያየውም። የሚያየው «መቼ ነው የሚዘሩት?» ብሎ የጠየቀ ብቻ ነው። ገበሬውን ዘር መርጦ እንዲያስመርጥ ማሳ ላይ ማሳተፍ ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር የተሻሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የራሴ ጥፋት

ሌላውን ብቻ መውቀስ ተገቢ ስላልሆነ የራሴን ልናገር። ከወሎ ውጭ ባለ አንድ የምርምር ጣቢያ በምሠራበት ጊዜ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የመስክ ረዳት ነበሩ። ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም። እኛ ተመራማሪዎቹ ግን እንመጣለን እንሄዳለን፤ አንዱ ለማስተርስ፣ አንዱ ለዶክትሬት፣ አንዱ ደመወዝ የተሻለ ወደሚከፍል ድርጅት። እሳቸው ከ20 ዓመት በላይ እዚያው ናቸው። የትኛው ማሳ ላይ የትኛው ሙከራ በየትኛው ዓመት እንደነበረ ያውቃሉ። ደብተር ገልጠን የማናገኘውን እሳቸው ቆመው ይነግሩናል።

ጡረታ ሲወጡ ጋቢ አለበስናቸው፣ ፎቶ ተነሳን፣ ንግግር አደረግን። እኔም ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። «ያልተነበበ መጽሐፍ ናቸው» አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

በሚቀጥለው ክረምት የማሳ ድልድሉን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። በካርታ ላይ ሜዳ የሆነ፣ አፈሩ የሚያምር ቦታ መርጬ ሙከራዬን ዘራሁ። ነሐሴ ላይ ከግማሽ በላዩ ውሃ ቋጠረ። ማሽላው ቢጫ ሆነ፤ ድግግሞሾቹ አንድ ላይ ሊነበቡ የማይችሉ ሆኑ። የዓመት ሥራ ሄደ። በበዓል ሰበብ እቤታቸው ስሄድ ነገሩን አነሳሁት። ጋሼ የቱ ማሳ እንደሆነ ሳልጨርስ ገባቸው። «እዚያ ጥግ? እዚያማ ነሐሴ ላይ ዳክዬ ይዋኝበታል» አሉ። «ታዲያ ጋሼ፣ ያውቁ ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው። «አውቃለሁ እንጂ። ማን ጠየቀኝ ልጄ? ሳልጠራ መጥቼ የተማረ ሰው ላርም?» አሉኝ።

ያልተነበበ መጽሐፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላነብ ጋቢ አልብሼ የሸኘሁትም እኔ ነኝ።

ማዕከሉ ሲዘረፍ

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ደረሰ። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። በዚያ ጊዜ የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ተዘርፎና ወድሞ ተገኘ። በዜና ስንሰማ ሁላችንም የየራሳችንን ደብተር ነው ያሰብነው።

መኪና ይገዛል፤ ማይክሮስኮፕ ይገዛል፤ ጣሪያ ይሠራል። ለአንድ የዘር አዳቃይ ግን አንድ ፓኬት ዘር አሥር ዓመት ሊሆን ይችላል። አንዱን ከአንዱ አዳቅሎ፣ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ የደረሰበት፣ ገና ስም ያልወጣለት ነው። የተለቀቀ ዘር ግን ሌላ ነው፤ በገበሬ ጎተራ አለ፣ በሌላ ማዕከል አለ፣ በዘር አባዢ እጅ አለ። ከማዕከሉ ቢጠፋ መመለሻ መንገድ አለው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ቀን የሚተርፈው ቀድሞ የተሰጠው ነው። ተደብቆ የተጠበቀው ይሄዳል፤ ተጠይቆ የተከፋፈለው ይቀራል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሶርያ ውስጥ አሌፖ አጠገብ የነበረው የዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከዘር ባንኩ ጋር ተለያየ። ነገር ግን የክምችቱን ቅጂ አስቀድሞ ኖርዌይ በሚገኘው የስቫልባርድ የዘር ማከማቻ አስቀምጦ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚያ ዘር አውጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና መዝራት ጀመረ። ከስቫልባርድ ዘር ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እኛም ከዚያ በፊት የራሳችን ትምህርት ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ በመላኩ ወረደ መሪነት፣ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር ለመብላት ሲገደድ ያገሩን ዘር ከመጥፋቱ በፊት ሰበሰበ። ቀጥሎ ደግሞ በወሎና በሸዋ ዘሩ በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ እንዲጠበቅ አደረገ። የመላኩ እምነት ቀላል ነበር፤ በማቀዝቀዣ ብቻ የተቀመጠ ዘር አየር ንብረቱ ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም፤ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰውም አብሮት ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል።

ምን እናድርግ?

ለመምህራንና በሥራ ላይ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው። ሰው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሙሉ የዝናብ ወራት ከተተኪው ጋር ማሳ ላይ ይዋል፤ ቢሮ ውስጥ የሚደረግ ርክክብ የቁልፍ ርክክብ ነው። የነገረንን ስንጽፍ የነገረንን ሰው ስም አብረን እንጻፍ፤ ገበሬም ይሁን የመስክ ረዳት። ዘር ስንሰበስብ ከቁጥሩ ጎን ገበሬው የሚጠራበትን ስምና ለምን እንደሚዘራው እናስፍር። የዕድገት መመዘኛው የታተመ ጽሑፍን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ሰው ዕውቀቱን ለባልደረባው የሚያካፍልበት ምክንያት አይኖረውም፤ ለሌላው ማስተማርም በሥራ ይቆጠር።

ሽማግሌው «ከተጻፈማ ማን ያስታውሰዋል?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን ያለኝ መልስ ይሄ ነው፤ የሚያስታውሰው የሚጠይቀው ሰው ነው። ከእሳቸው ማሳ ስመለስ እሸት አስይዘውኝ ነበር። ስሙን ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ልጽፈው ስል ጠፋብኝ። ተመልሼ እንደገና ጠየቅኋቸው። ደስ ብሏቸው ነገሩኝ።

ለሚቀጥለው መገናኛችን አንድ ነገር ልለምን። ስትመጡ አሮጌ የመስክ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በዝናብ የበሰበሰ፣ በእርሳስ የተጻፈ ቢሆንም። አንድ ከሰዓት በኋላ እንመድብለትና ወጣቶቹ መምህራን ከየጠረጴዛው እየዞሩ ይጠይቁን። ጽሑፋችንን እኛም ማንበብ ቢያቅተን የምናስታውሰውን እንነግራቸዋለን። የምንረሳውንም ሌላው ጓደኛችን ያስታውሰናል።